ዙሪያውን የሚያይ ዓይን
(በጉለሌ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲከበር በፎቶግራፍና በኮምፒዩተር ክበብ አባሎች ስም የተነገረ ንግግር)

ልንነግራችሁ የመጣነው ክበባችን በዚህ ዓመት ሲማረው ስለ ቈየው አንድ አዲስ ሙያ ነው። ይኸውም አንድን ስፍራ፥ ወደዚያ ያልሄደ ሰው እንደ ሄደ ሆኖ ዙሪያውን እንዲያየው አድርጎ ፎቶግራፍ ማንሣትና ማዘጋጀት ነው። በውጭ አገር “ቨርቹዋል ሪያሊቲ” ይሉታል፤ በአገራችንም “ምናባዊ እውነታ” የሚለው ስም እየተለመደ ሄዷል። በዚህ መንገድ የሚደረገውን ጉብኝት እኛ “ምናባዊ ጉብኝት” እንለዋለን።

ከወላጆቻችን አንዳንዶቹ ልጆቻቸው ትልቅ መነጽር በራሳቸው ላይ አጥልቀው አንገታቸውን ወዲህና ወዲያ ሲያዞሩ ባዩ ጊዜ፥ “ይህ ጨዋታ ነው ወይስ እንጀራ የሚበላበት ሥራ?” ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሳችንም እንጀራ የሚበላበት ሥራ ነው የሚል ነው። ነገር ግን እንጀራ የሚሆነው ካሜራ ላለው ሁሉ ሳይሆን የሙያውን አደራ ለሚያውቅ ብቻ ነው። ይህ አደራ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት የንግግራችን ዋና ዓላማ ነው።

በተለመደው ፎቶግራፍ አንሺው ወደ ፊቱ ያለውን መርጦ ያነሣል፤ በጀርባው ያለው ነገር አይመለከተውም። ዙሪያውን በሚያይ ካሜራ ግን ፊትና ጀርባ የለም። የሚያምረው ዛፍም፥ አጠገቡ የወደቀው ቆሻሻም፥ በበሩ ብቅ ያለችው ሕፃንም በአንድነት ይገባሉ። እንግዲህ አራቱንም ማዕዘን የሚያሳይ ሰው ስለ አራቱም ማዕዘን ተጠያቂ ይሆናል ማለት ነው። እኛ ከመሣሪያው አያያዝ ይልቅ ጊዜ ወስደን የተማርነው ይህን ነው።

ይህ ጥበብ አዲስ ይምሰል እንጂ ሥሩ ከቈየ ዘመን የመጣ ነው። በስኮትላንድ አገር በኤዲንበርግ ይሠራ የነበረው ሠዓሊ ሮበርት ባርከር፥ ተመልካቹን በመካከል አቁሞ ዙሪያውን በሥዕል የሚከብበትን ዘዴ በ1787 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። በ1793 እ.ኤ.አ. ደግሞ በለንደን በሌስተር አደባባይ ለዚሁ የሚሆን ክብ ቤት ተከፈተ፤ ሰዎችም እየከፈሉ ገብተው ያዩ ነበር። “ፓኖራማ” የሚለውም ስም የወጣው ከዚህ ሥራ ነው። በ1838 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዊትስቶን፥ ሁለቱ ዓይኖቻችን አንዱን ነገር በጥቂት ልዩነት ስለሚያዩት የነገሩ ርቀትና ጥልቀት እንደሚታወቀን አስረዳ፤ ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ሥዕል የሚያሳይ ስቴሬዎስኮፕ የተባለ መሣሪያም ሠራ። ዛሬ በራስ ላይ የሚጠለቀው መነጽር የእነዚህ የሁለቱ አሳቦች ልጅ ነው ለማለት ይቻላል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም ዙሪያ ገብ ሥዕል እንግዳችን አይደለም። በክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችን የመቅደሱ ግድግዳ በአራቱም ወገን በሥዕል ተሸፍኖ እናያለን። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በባርከር ቤት ሰው በመካከል ይቆማል፥ ሥዕሉም ይከበዋል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ሥዕሉ በመካከል ይሆናል፥ ሰውም በአክብሮት ይዞረዋል። ስለዚህ አያቶቻችን ዙሪያውን ማየት ምን እንደ ሆነ ከእኛ ቀድመው ያውቁ ነበር።

መነጽሩ በዘመናችን ወደ ብዙ ሰው እጅ የገባው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ኦኩለስ የተባለው ኩባንያ ለመነጽሩ ሥራ ከሕዝብ ገንዘብ አሰባሰበ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ፌስቡክ ኩባንያውን በ2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለመግዛት ተስማማ። በዚያው ዓመት ጉግል ከካርቶንና ከሁለት ሌንስ የሚሠራ፥ ስልክ የሚገባበት ርካሽ መነጽር አወጣ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2013 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ሪኮ ኩባንያ ቴታ የተባለች፥ በሁለት ሌንስ ዙሪያውን በአንድ ጊዜ የምታነሣ ትንሽ ካሜራ ለገበያ አቅርቦ ነበር። በዚህ ምክንያት ቀድሞ የትልልቅ ተቋሞች ብቻ የነበረው ሥራ ወደ ተማሪዎችም ሊደርስ ቻለ።

በአገራችን የዚህ ሥራ ታላቅ ምሳሌ የሚሆነን ላሊበላ ነው። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በ1978 እ.ኤ.አ. የተመዘገቡትን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፥ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ሃይንዝ ሩተር የተመሠረተው ዛማኒ ፕሮጀክት ለክቷቸዋል። የሥራው ሰዎች በሌዘር ጨረር ከድንጋዩ እስከ መሣሪያው ያለውን ርቀት እየለኩ፥ በፎቶግራፍም ዙሪያውን እያነሡ፥ የአብያተ ክርስቲያናቱን ቅርጽ በኮምፒዩተር ውስጥ አቆሙት። እንዲህ ያለው ሥራ ላላየ ለማሳየት ብቻ የተደረገ አይደለም። የዛሬው ልክ በትክክል ተጽፎ ከተቀመጠ፥ ነገ ስንጥቁ ቢሰፋ ወይም ግድግዳው ቢዘም ካለፈው ጋር አስተያይቶ ለማወቅና ለመጠገን ይረዳል።

ከላሊበላ ወደ መንደራችን ወደ ጉለሌ ስንመለስ፥ እዚህም የሚታይ ነገር አላነሰንም። በላይ በኩል እንጦጦ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፥ ከእርሷም ብዙ ሳይርቅ የእንጦጦ ራጉኤል ይገኛሉ። በተራራው ላይ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ ከዋክብት የሚታይባቸው ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። 705 ሄክታር ያህል የሚሰፋው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ። በታች በኩል የሸማ ገበያው ሽሮ ሜዳ፥ የሸክላ ሠሪዎች መንደር ቀጨኔ አሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን በእግር ለማየት ጉልበት ለሌላቸው አያቶቻችን፥ በሕመም ከቤት ለዋሉ ሰዎች፥ በውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶቻችንም ምናባዊ ጉብኝት ትልቅ ጥቅም ይሰጣል።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እንገልጣለን።

በመጀመሪያ ካሜራ ሳይያዝ ስፍራውን መዞር ያስፈልጋል። ወረቀትና እርሳስ ይዘን የግቢውን ካርታ እንነድፋለን፤ ሰው ከየት ገብቶ ወዴት እንደሚያልፍ፥ ፀሐይ በጧትና በማታ ከየት እንደምትገባ እንጽፋለን። ካሜራው የሚቆምባቸውን ቦታዎች “ማቆሚያ” ብለን በቁጥር እንመዘግባቸዋለን። በቤት ውስጥ ከአንዱ ማቆሚያ እስከ ሁለተኛው ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ያህል ቢሆን ተመልካቹ አይደናገርም።

በሁለተኛ ደረጃ ካሜራው በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ፥ ቆሞ በሚያይ ሰው ዓይን ልክ፥ ማለት በ1.5 ወይም በ1.6 ሜትር ከፍታ ይደረጋል። ከዚህ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ተመልካቹ ራሱን ቀጭኔ ሆኖ ያገኘዋል፤ ዝቅ ያለም እንደ ሆነ ክፍሉ ሁሉ የገዘፈ ይመስለዋል። በተራ ካሜራ እያዞሩ የሚያነሡ ከሆነ ደግሞ ካሜራው የሚዞርበት ነጥብ በሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚተላለፍበት ነጥብ መሆን አለበት። ምክንያቱን ለመረዳት ጣታችሁን በፊታችሁ አቁሙና አንዱን ዓይን ከዚያም ሌላውን ጨፍኑ። ጣታችሁ ከግድግዳው አንጻር የዘለለ ይመስላችኋል። ካሜራውም ከነጥቡ ወጥቶ ሲዞር እንዲሁ የቅርቡ ነገር ከሩቁ ይለያያል፥ ሥዕሎቹም ሲጋጠሙ መስመሩ ይሰበራል።

በሦስተኛ ደረጃ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከጎረቤቱ ጋር ቢያንስ ሩቡን ያህል መደራረብ አለበት። በጨለማ ክፍልና በብሩህ መስኮት መካከል ስንሆን አንዱን አቅጣጫ በጨለመ፥ በመካከለኛና በበራ መጠን ሦስት ጊዜ እናነሣለን፤ ኮምፒዩተሩም ከሦስቱ የሚበጀውን አዋሕዶ ያወጣል። ለማገጣጠሙ ሥራ ሁጊን የተባለ፥ ገንዘብ የማይከፈልበት መርሐ ግብር አለ። የሚወጣው ሥዕል ወርዱ የቁመቱ እጥፍ ነው፤ በጂኦግራፊ ክፍላችን ሉሉ ተዘርግቶ የዓለም ካርታ እንደሚሆነው ሁሉ፥ ዙሪያውም ተዘርግቶ አንድ ገጽ ይሆናል። በካርታው ላይ የዋልታ አገሮች ያለ ልካቸው እንደሚሰፉ፥ በዚህም ላይ ጣራውና ወለሉ ተለጥጠው ይታያሉ። በመነጽሩ ሲታዩ ግን ወደ ልካቸው ይመለሳሉ።

በመጨረሻ ማቆሚያዎቹ በቀስት ምልክት ይያያዛሉ፤ ተመልካቹም ቀስቱን ሲነካ ከበሩ ወደ አዳራሹ፥ ከአዳራሹ ወደ ጓዳው ያልፋል። ለዚህም ፓኔለም የተባለ ነጻ መርሐ ግብር ይገኛል። እዚህ ላይ የአገራችንን ኑሮ ማሰብ ይገባል። አንዱ ሥዕል 10 ሜጋባይት ቢሆን፥ 15 ማቆሚያ ያለው ጉብኝት 150 ሜጋባይት ይሆናል ማለት ነው። ለኢንተርኔት ከኪሱ የሚከፍል ተመልካች ይህን ሁሉ ሊሸከም አይገባውም። ስለዚህ ሥዕሉን በትንንሹ ቈራርጦ፥ ተመልካቹ በዞረበት በኩል ያለው ብቻ እንዲመጣለት ማድረግ ያሻል። እኛም ሥራችንን ሁሉ የምንፈትነው ውድ በሆነ መነጽር ሳይሆን በርካሽ ስልክ ነው። ደግሞም ተንቀሳቃሽ ፊልም ሲነሣ ካሜራው እየተራመደ የሆነ እንደ ሆነ፥ ዓይን ሲሄድ ሰውነት ስለሚቀመጥ ተመልካቹን ያጥወለውለዋል። ካሜራው ባንድ ስፍራ ረግቶ ይቁም የሚባለውም ስለዚህ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ማንም ሰው በጥቂት ወራት ሊማረው የሚችለውን ነው። አሁን ግን ከመጽሐፍ ያላገኘነውን፥ ከሰው የተማርነውን እንነግራችኋለን።

ለልምምድ ያህል በሽሮ ሜዳ አካባቢ የአንድ ሸማኔ አባትን የሥራ ቤት ለማንሣት ለመንናቸው። እርሳቸውም ከጋሞ ደጋ መጥተው በጉለሌ ከሰፈሩት የሽመና ባለሙያዎች ቤተ ሰብ የተወለዱ ናቸው። መወርወሪያውን ከእጃቸው አኑረው በትሕትና ሰሙንና፥ “ልጆቼ፥ መልካም ነገር ነው። ግን ይህን የሚያየው ማን ነው?” አሉን። እኛም “ዓለም ሁሉ ነው፥ አባባ” ብለን በኩራት መለስን። እርሳቸውም፥ “እንግዲያውስ የጥለቴንም አሠራር ዓለም ሁሉ ያየዋላ!” አሉ።

ክቡራን አድማጮቻችን፥ ይህ ነገር ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ በገበያችን በውጭ አገር ፋብሪካ የጥለት መልክ የታተመበት ጨርቅ በርካሽ ዋጋ ይሸጣል። ሸማኔው በጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ድሩን ከማጉ እያዋሐደ ብዙ ቀን የደከመበትን ጥበብ፥ የማተሚያ ማሽን በአጭር ጊዜ ይገለብጠዋል። እንግዲህ እኛ “አገር እናስተዋውቃለን” ብለን ካሜራችንን አስጠግተን፥ አዲሱን ጥለት ገና ሳይሸጥ ለዓለም ብናሳይ፥ የምናስተዋውቀው ሸማኔውን ነው ወይስ የሸማኔውን እንጀራ ለሚነጥቀው መንገድ እናሳያለን? በዚያ ቀን አንድም ፎቶግራፍ ሳናነሣ ተመልሰን በዚህ ነገር ተከራከርን። ከእኛ አንዳንዶቹ “ሥራው ይቅር” አሉ፤ ሌሎቹም “ካልታወቁ ገዢ ከየት ያገኛሉ?” አሉ። ሁለቱም አሳብ እውነት ነበረው።

መፍትሔውን የሰጠን የሒሳብ ትምህርታችን ነው። ሥዕላችን በወርዱ 8,000 ነጥቦች አሉት። ሙሉ ዙሪያው 360 ዲግሪ ስለ ሆነ፥ ለአንዱ ዲግሪ 22 ነጥብ ያህል ይደርሰዋል። ጤነኛ የሰው ዓይን ግን በአንድ ዲግሪ ውስጥ 60 ያህል ነጥቦችን ለይቶ ማየት ይችላል። ስለዚህ መሣሪያችን ከዓይን ያንሳል። ካሜራው ከሸማው 3 ሜትር ርቆ ሲቆም አንዱ ዲግሪ 5.2 ሴንቲሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ይህን ለ22 ብናካፍለው አንዱ ነጥብ 2.4 ሚሊሜትር ይሆናል። ከዚህ የቀጠነ ክር ለብቻው ተለይቶ አይታይም። ካሜራው ወደ ግማሽ ሜትር ቢጠጋ ግን አንዱ ነጥብ 0.4 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚሆን የክሩ አጣጣል መገለጥ ይጀምራል። እንግዲህ ርቀት ራሱ መጋረጃ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን በ3 ሜትርም ቢሆን የክሩ አሠራር እንጂ የጥለቱ ቅርጽና ቀለም አይሰወርም፤ ለዚያ ሌላ መላ ያስፈልጋል።

ይህን ስሌት በወረቀት ጽፈን ለሸማኔው አባት አስረዳናቸው። እርሳቸውም አስበው ራሳቸው ወሰኑ። ካሜራው በበሩ አጠገብ እንዲቆም፥ በድሩ ላይ ያለው አዲስ ሥራ በነጭ ነጠላ እንዲሸፈን፥ ከዚህ ቀደም በገበያ የታወቁት ሸማዎች ግን በግድግዳው ላይ ተሰቅለው በሚገባ እንዲታዩ አደረጉ። እጃቸው መወርወሪያውን ሲወረውር የሚያሳየውም ከጐን ተነሣ። ገዢ የሚሆን ሰው ሥራው የእጅ መሆኑን ያያል፤ ገልባጭ የሚሆን ሰው ግን የሚሻውን አያገኝም። ጉብኝቱ ሲያልቅ ከሁሉ በፊት ያየነው ከእርሳቸው ጋር ነው፤ “ይውጣ” ያሉት ወጣ፥ “ይቅር” ያሉትም ቀረ።

ከዚህ በኋላ “ሙያ” የሚለው ቃል ትርጓሜው በመጠኑ ገባን። ሙያተኛ ማለት ሁሉን ማሳየት የሚችል ብቻ አይደለም፤ የት መቆም እንደሚገባው የሚያውቅ ነው። ይህንም ደንብ በሌላ ስፍራ ሁሉ እንጠብቀዋለን። በቤተ ክርስቲያን ሕዝብ በማይገባበት በመቅደስ ካሜራም አይገባም፤ በመስጊድም የጸሎት ሰዓትና የስፍራው ሥርዓት ይከበራል። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችም ለተራራው ጌጥ እንዲሆኑ የተፈጠሩ አይደሉም። ሳይጠየቁና ሳይፈቅዱ ድካማቸውን ለመንገደኛ ዓይን ማቅረብ ነውር ነው። በመንገድ ላይ የገባውን ያልጠየቅነውን ሰው ፊት ሁሉ እናደበዝዛለን፤ የሕፃናትን ፊት ይልቁንም።

እውነተኛነትም የዚሁ አደራ ክፍል ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በአዲስ አበባ ቤት የሚገዙት መጥተው ሳያዩ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ምናባዊ ጉብኝት የሚያዘጋጅ ባለሙያ፥ የወንድሙን የዘመናት ድካም በእጁ ይዟል። ሌንሱ ጠባቡን ክፍል ሰፊ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል፤ በኮምፒዩተርም የግድግዳውን ስንጥቅ መደምሰስ፥ ውኃ ያበላሸውን ጣራ ነጭ ማድረግ አያስቸግርም። ስለዚህ እኛ ለራሳችን ሦስት ደንብ አውጥተናል። አንደኛ፥ የክፍሉ ወርድና ቁመት በሜትር ተለክቶ በሥዕሉ ላይ ይጻፋል። ሁለተኛ፥ የተነሣበት ቀን ይጻፋል፤ ምክንያቱም ስፍራ ይለወጣልና። ሦስተኛ፥ የካሜራውን እግር ከወለሉ ላይ ከማጥፋትና ፊት ከማደብዘዝ በቀር በስፍራው ያለ ነገር አይደመሰስም፥ የሌለም አይጨመርም። “ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል” ይባላል፤ ዓይንን ያታለለ ሰው ልብንም ሐሰተኛ ዳኛ አድርጎታል።

ሕጉንም ማወቅ ግዴታ ነው። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016፥ ስለ ቅጂ መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996፥ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህን ሥራ የሚነኩ ናቸው። ድሮን የተባለውንም በራሪ ካሜራ ያለ መንግሥት ፈቃድ ማብረር አይገባም። ይህን ሥራ ለገንዘብ የሚሠራ ሰው ንግድ ፈቃድ ያወጣል፥ ግብርም ይከፍላል። እኛ ተማሪዎች ገና ለዚህ አልደረስንም፤ አሁን የምንማረው ሲደርስ እንዳንደናገር ነው።

ስለ ዋጋም ጥቂት እንናገር። ብዙ ሰው የዚህን ሥራ ዋጋ የሚገምተው ካሜራው በቆመበት ሰዓት ብቻ ነው። እኛ እንደ ሞከርነው ግን፥ በማንሣት ላይ ለዋለው አንድ ቀን፥ ለማገጣጠሙ፥ ለማያያዙና ለማረሙ ሁለትና ሦስት ቀን ይጠይቃል። ከዚህም በፊት ስፍራውን የመዞርና ፈቃድ የመጠየቅ ቀን አለ፤ ከዚህም በኋላ ሥራው በኢንተርኔት ላይ እንዲቀመጥ በየዓመቱ የሚከፈል ኪራይ አለ። ይህን ሁሉ ቈጥሮ ያልተዋዋለ ሰው ወይ ይከስራል ወይ ደንበኛውን ያስቀይማል። ስለዚህ ስንት ማቆሚያ እንደሚነሣ፥ ሥዕሉ የማን ንብረት እንደሚሆን፥ ለስንት ዓመት እንደሚቀመጥ፥ ባለቤቱ “ይነሣልኝ” ባለ ጊዜ በስንት ቀን እንደሚወርድ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ምን ያህል እንደ ሆነ በጽሑፍ መስፈር አለበት። የአፍ ውል ለወዳጅነት እንጂ ለሥራ አይበቃም።

ሥራን በሰው ቤት ብቻ ማስቀመጥም አደጋ አለው። ጉግል በ2018 እ.ኤ.አ. ቱር ክሪኤተር የተባለ፥ ተማሪም ሳይቀር በቀላሉ ጉብኝት የሚያዘጋጅበትን መሣሪያ በነጻ አውጥቶ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ግን ይህንም፥ ለትምህርት ቤቶች ያዘጋጀውን ኤክስፒዲሽንስንም ዘጋቸው። ከዚህ የምንማረው ታላቅ ኩባንያም ቢሆን በሩን ሊዘጋ እንደሚችል ነው። ስለዚህ ዋናውን ፎቶግራፍ በራሳችን ዘንድ በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ እናስቀምጣለን፤ ከጐኑም ቀኑን፥ ስፍራውን፥ የፈቀደውንም ሰው ፈቃድ አያይዘን እንጽፋለን።

ይህ መዝገብ ለነገ ጥቅም አለው። አዲስ አበባ በዓይናችን ፊት በፍጥነት እየተለወጠች ነው፤ መንገዶች ይሰፋሉ፥ አሮጌ ሰፈሮች ይነሣሉ፥ አዲስ ሕንጻ ይቆማል። መለወጡ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን የኖርንበት ሰፈር ምን ይመስል እንደ ነበረ ለታናናሾቻችን የምናሳየው ነገር ሊኖረን ይገባል። ካሜራው የፈረሰውን አይተካም፤ የጎረቤትን ቡና ሽታና የዕድሩን መረዳዳት ሊይዝ አይችልም። ሆኖም በሩ በየት በኩል እንደ ነበረ፥ ከበሩ ሆኖ እንጦጦ እንዴት ይታይ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

በመጨረሻም ሦስት አሳብ እናቀርባለን።

ውድ መምህራኖቻችን፥ ይህን ትምህርት የኮምፒዩተር ክፍል ብቻ አድርጋችሁ አትቍጠሩት። ስሌቱ የሒሳብ፥ የብርሃኑ ነገር የፊዚክስ፥ ካርታው የጂኦግራፊ፥ የስፍራው ታሪክ የታሪክ፥ ማብራሪያውን በጥሩ አማርኛ መጻፉም የቋንቋ ትምህርት ነው። አንድ ጉብኝት በየክፍሉ የተማርነውን ሁሉ በአንድነት ያሠራናል።

ውድ ወላጆቻችን፥ ልጆቻችሁ ካሜራ ይዘው ወደ ሥራ ቤታችሁና ወደ ግቢያችሁ ሲመጡ በሩን ክፈቱላቸው። ነገር ግን “ማን ያየዋል? ምን ይጠቅመኛል? ምንስ ያሳጣኛል?” ብላችሁ ጠይቋቸው። የሸማኔው አባት ጥያቄ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ አስተምሮናል።

የተወደዳችሁ ጓደኞቻችን፥ መነጽሩን አጥልቃችሁ ሩቅ አገር ማየታችሁ መልካም ነው። ግን የምታዩት ሁሉ ሌላ ሰው መርጦ ያነሣላችሁን ነው። ጉለሌን ለዓለም የሚያሳየው የጉለሌ ልጅ ቢሆን፥ ምን መታየት፥ ምንስ መሸፈን እንደሚገባው ከእንግዳ ይልቅ እርሱ ያውቃል፤ የሥራውም ዋጋ በሰፈሩ ይቀራል። ውድ መሣሪያ የለንም ብላችሁ አትፍሩ። በስልክና በትዕግሥት ይጀመራል። አትቸኵሉም፤ “የቸኰለች አፍሳ ለቀመች” ይባላልና። ክበባችን ዘወትር ዓርብ ከትምህርት በኋላ በራችን ክፍት ነው።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ያብብ፤ ከእርሱም የሚወጡ ልጆች የሰውን እምነት የሚጠብቁ ባለሙያዎች ይሁኑ።